በባሮ የገባው ጨውና የጽንሱ አእምሮ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት፣ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሔክታር ያልበለጠ መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቅደው ነበር። ውሉ የኢታንግን አካባቢ ቢጠቅስም ጣቢያው የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ ያራግፉ፣ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ውሉም ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ቆይቷል።

ጨው ከጋምቤላ ወደ ደጋው ሲወጣ አዮዲን የሚጨመርበት አልነበረም፤ በዓለም ላይም ሥራው በስዊዘርላንድ የተጀመረው ገና በ1922 ነው። ዝናብ አፈሩን ያጠበበት ደጋ ደግሞ አዮዲን ያንሰዋል። ዕንቅርት አንገት ላይ ስለሚታይ ሁሉም ያውቀዋል። ከባዱ ጉዳት ግን በማኅፀን የሚደርሰው ነው። ጽንሱ የራሱ የታይሮይድ ዕጢ በሚገባ ሥራ እስኪጀምር፣ ማለትም እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ፣ አንጎሉ የሚያድገው በእናቲቱ ሆርሞን ነው። እጥረቱ ሲብስ ልጁ ደንቆሮና ዲዳ፣ አእምሮውም የዘገየ ሆኖ ይወለዳል፤ ቀለል ሲል ጤነኛ መስሎ ትምህርት ይከብደዋል፤ ይህን ደግሞ ማንም ከጨው ጋር አያያይዘውም።

ጊዜው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳየው በ1966 በፓፑዋ ኒው ጊኒ የተጀመረው ጥናት ነው። አዮዲን ያለው ዘይት ካልተወጉት እናቶች 26 ክሪቲን ሕፃናት ሲወለዱ፣ ከተወጉት 7 ብቻ ተወለዱ። ከሰባቱ የስድስቱ እናቶች መርፌውን ሲወስዱ አስቀድመው ፀንሰው ነበር።

በአገራችን አዮዲን ያለው ጨው በብዛት ይገኝ የነበረው ከኤርትራ ወደቦች ነው። በ1998 ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ በምትኩ የመጣው የአፍዴራ ጨው ለዓመታት ያለ አዮዲን ተሸጠ። አስገዳጁ ደንብ የወጣው በ2011 ነው፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ በሚሆኑ ቤተሰቦች ጨው ውስጥ አዮዲን ተገኝቷል። መጠኑ ይበቃል ወይ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየቤቱ የሚደረገው የቀለም ምርመራ መኖሩን እንጂ በቂነቱን አያረጋግጥም።

እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቀትና ርጥበት በበረታበት ቦታ ክፍት የተቀመጠ ጨው አዮዲኑን ያጣል። በአራተኛ ወሯ ለመጀመሪያ ክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር የመጀመሪያዎቹን ወራት አልፋቸዋለች። ስለ ጨው አያያዝ፣ ወጡ ከእሳት ሲወርድ ስለ መጨመሩም ምክሩ ሊሰጣት ይገባ የነበረው ቀደም ሲል፣ የቀድሞ ልጇን ለማስከተብ በመጣችበት ቀን ነው።