በጥጋብ ዓመት የተለካ ወንዝ

በዘፍጥረት 41 የዮሴፍን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቀን የሕልሙ ፍቺ ነው። ከፍቺው በኋላ ያደረገውም ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጎተራው ሞልቶ እህሉ መቆጠር እስኪያቅት ድረስ በበዛበት ወቅት፣ ዮሴፍ የሚያስበው ስለሚመጣው ረሃብ ነበር። ጥጋቡን እንደ ዘወትር ኑሮ አልቆጠረውም። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትና እንጀራቸውን የሚያገኙባት የአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ የበረሃ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የስሟ ትርጉም ግን በስፓኒሽ «መስኮቹ» ማለት ነው። በበረሃው መካከል ምንጮች ይፈልቁ ስለነበር በዙሪያቸው ለምለም ሣር ይበቅል ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ፓዩቶች ለብዙ ዘመናት ከእነዚህ ምንጮች ጠጥተዋል።

በ1905 አንድ የባቡር ኩባንያ መሬቱን በጨረታ ሲሸጥ ከተማዋ ተቆረቆረች። ነዋሪዎቹ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ውሃው በራሱ ግፊት ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ብዙዎቹ ጉድጓዶች መክደኛ ስላልነበራቸው ውሃው ሌትና ቀን በከንቱ ይፈስስ ነበር። ያልቃል ብሎ ማን ያስብ? በ1962 ግን ምንጮቹ ደረቁ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ይበልጥ የተደገፈችው በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ ደግሞ አስቀድሞ ተከፋፍሎ ነበር። በኖቬምበር 1922 የሰባት ክፍለ ግዛቶች ተወካዮች በሳንታ ፌ ከተማ ተሰብስበው ስምምነት ፈረሙ። ሰብሳቢያቸው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነበር። የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ በድምሩ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በየዓመቱ እንዲካፈሉ ተስማሙ። በ1944 ደግሞ ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን ተጨመረ።

ችግሩ ያለው ልኬቱ ላይ ነበር። ድልድሉ የተመሠረተው ዝናብና በረዶ በበዛባቸው ዓመታት ላይ ነው። ኋላ የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን ያጠኑ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ እነዚያ ዓመታት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ከታዩት እጅግ እርጥብ ዘመናት አንዱ ነበሩ። ከ2000 ወዲህ ወንዙ በአማካይ የሚሰጠው ወደ 15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በወረቀት ላይ የተከፋፈለው ውሃ በወንዙ ውስጥ የለም ማለት ነው።

የሚያስጠነቅቅ ሰው አልጠፋም ነበር። ዩጂን ላሩ የተባለ የመንግሥት የውሃ ባለሙያ ወንዙ ለታሰበው ሁሉ እንደማይበቃ በዚያው ዘመን ተናግሯል። ድምፁ ግን ሰሚ አላገኘም። በድርድሩ ገበታ ያልተቀመጡም ነበሩ፤ በወንዙ ዳር ለሺህ ዓመታት የኖሩት ነባር ሕዝቦች አልተጠሩም፤ ሜክሲኮም አልተጠራችም።

በ1935 ግዙፉ የሁቨር ግድብ ተመረቀ፤ ከጀርባውም ሚድ የተባለው ሐይቅ ተኛ። ሐይቁ የማያልቅ መሰለ። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የክላርክ አውራጃ በ1950 ከ50 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከወንዙ አብዛኛውን ውሃ የሚወስደው እርሻ ነው፤ የኔቫዳ ድርሻ ከሁሉም ያነሰ ነው። ሆኖም የምትጠጣውን ውሃ በአብዛኛው ከዚህ ሐይቅ የምታገኝ ከተማ ሐይቁ ሲጎድል መሸሻ የላትም። በ2022 ሐምሌ የሚድ ሐይቅ ከሚይዘው ውሃ የቀረው ሩብ ያህል ነበር። በዙሪያው ያለው ቋጥኝ ላይ የታየው ነጭ መስመር ውሃው ቀድሞ የት ድረስ እንደነበረ ይመሰክር ነበር።

ከተማዋ ግን ዝም ብላ አላለቀሰችም። ዛሬ በቤትና በሆቴል ውስጥ ከቧንቧ ወርዶ ወደ ፍሳሽ የሚገባው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ሣሩን ነቅሎ የበረሃ ተክል ለሚተክል ነዋሪ ገንዘብ ይከፈለዋል። በ2021 የወጣ ሕግ ደግሞ ማንም የማይጫወትበትን፣ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር በወንዙ ውሃ ማጠጣት ከ2026 መጨረሻ በኋላ እንዲቆም ያዛል። ሕዝቡ ከ2002 ወዲህ በብዙ መቶ ሺህ ቢጨምርም፣ ከወንዙ የሚወስደው ውሃ ቀንሷል።

ወገኖች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኛም ኑሯችንን በጥጋቡ ዓመት ልክ እንሰፋለን። ጤናችን በተሟላበት፣ ሥራችን በቀናበት ዘመን ያገኘነውን ሁልጊዜ የሚኖር አድርገን ቃል እንገባለን፣ እንበደራለን፣ እናባክናለን። ስንካፈልም በገበታው ያልተቀመጠውን ጎረቤት እንረሳለን። ዮሴፍ ግን ከጥጋቡ ላይ አስቀመጠ፤ በረሃቡም ወራት ከሩቅ አገር የመጡት ወንድሞቹ ሳይቀሩ ከዚያ በሉ።

ውሃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ እኛም ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም። የላስ ቬጋስ ሰዎች ዘግይተውም ቢሆን መንገዳቸውን ማስተካከል ከቻሉ፣ እኛ ደግሞ ጎተራው ሳይጎድል ብንጀምር ምን ያህል በተሻለ! በዚህ ሳምንት በቤታችን ያለውን ቧንቧ ስንከፍት፣ ከእኛ በኋላ የሚጠጣውን ሰው እናስብ። ጌታ በጥጋባችን ዘመን የዮሴፍን ማስተዋል ይስጠን። አሜን።