ከፍታና ትዕግሥት

ሰው ከፍ ካለ ተራራ ላይ ሲወጣ ራሱን የሚያመው፥ የሚያቅለሸልሸውና እንቅልፍ የሚነሣው ለምን እንደ ሆነ ለረጅም ዘመን በግልጽ ሳይታወቅ ኖሯል። እስፓኛዊው ካህን ሆሴ ደ አኮስታ በፔሩ አገር የፓሪያካካን ተራራ ሲሻገር ክፉኛ አስመለሰው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1590 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉም፥ በዚያ ስፍራ ያለው አየር ለሰው ትንፋሽ ከሚስማማው ይልቅ የሳሳ ነው ሲል ጻፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

አሳቡ ትክክል ነበር፤ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ ግን ወደ ሦስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር አየሩ ሊሳሳ በሚችል የብረት ክፍል ውስጥ እንስሳትንና ራሱን ጭምር እያስገባ መረመረ። ያገኘውንም በ1878 አሳተመ። በተራራ ራስ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር በዓይነቱ አይለይም፤ በሁለቱም ዘንድ ከመቶው 21 እጅ ኦክሲጅን ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። በ5,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ በእኩሌታ ስለሚቀንስ፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅንም ግማሽ ያህል ይሆናል።

ይህን እውነት ሁለት ሰዎች በሕይወታቸው ከፈሉበት። አፕሪል 15 ቀን 1875 ዜኒት የተባለው ባሎን ጋስቶን ቲሳንዲዬን፥ ጆዜፍ ክሮሴ ስፒኔሊንና ቴዎዶር ሲቬልን ይዞ ከፓሪስ ተነሣ። የያዙት ኦክሲጅን እንደማይበቃ ቤር በደብዳቤ ቢያስጠነቅቅም ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰ። ተጓዦቹም ኦክሲጅኑን ለክፉ ሰዓት ሊቆጥቡት ተስማሙ። ክፉው ሰዓት ሲመጣ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቲሳንዲዬ በኋላ እንደ ጻፈው፥ በዚያን ጊዜ ሕመም ሳይሆን ደስታ ይሰማው ነበር፤ 8,000 ሜትር ደረስን ብሎ ሊጮኽ ሲል ምላሱ ተሳሰረ። ባሎኑ ወደ ምድር ሲመለስ በሕይወት የተገኘው እርሱ ብቻ ነበር።

ከ103 ዓመት በኋላ፥ ሜይ 8 ቀን 1978፥ ራይንሆልድ ሜስነርና ፔተር ሃበለር 8,848 ሜትር ከፍታ ያለውን የኤቨረስት ተራራ ያለ ኦክሲጅን ዕቃ በእግራቸው ወጡ። እነዚያን የገደለ ከፍታ እነዚህን ስለ ምን ማራቸው? መልሱ ጊዜ ነው። ባሎኑ ወደዚያ የደረሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ተራራ ወጪዎቹ ግን ብዙ ሳምንት እየወጡና እየወረዱ ሰነበቱ። ሰውነት በዝግታ ሲሄዱበት ይማራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ውሎ ሲያድርም ቀይ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። ይህንንም ፈረንሳዊው ቪዮ በ1890 በፔሩ ተራራ ላይ ደም በመቁጠር አረጋግጧል።

በአገራችንም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2002 የታተመ ጥናት፥ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩት ወገኖቻችን በደማቸው የሚገኘው የኦክሲጅን መጠን በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ግን የብዙ ትውልድ ውርስ ነው እንጂ ከቆላ የመጣ እንግዳ በአንድ ሳምንት የሚያገኘው ሀብት አይደለም።

ስለዚህ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ዳሸን የሚጓዝ መምህር ወይም ተማሪ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፥ በጊጭና በጨነቅ እያደረ ቢወጣ ይበጀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑም ይረፍ። ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ እርምጃው ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ይውረድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ከዜኒት ተጓዦች ድፍረት አልጎደለም፤ የጎደለው ጊዜ ነበር። ተራራው ለሚመለስበት ሰው ነገም በስፍራው አለ።