ሌባ ሻዩ ስልኬ

እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ራሴን ይወቅረኛል፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ጆሮዬ ውስጥ ገና አልቆመም። እጄ በልማድ ወደ ሱሪዬ ኪስ ሄደ፤ ቦርሳዬ የለም። መታወቂያዬ፣ የባንክ ካርዴና 2,300 ብር እዚያ ውስጥ ነበሩ። ኢርፎኔም የለም። ከሁሉም የባሰው ግን የአያቴ የእጅ ሰዓት አለመኖሩ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ የጓደኛችን ልደት ነበር። ቦሌ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንል ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ። በአፕ በጠራሁት ታክሲ አያት ድረስ መጣሁ። ሾፌሩ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ስወርድ “በል ደህና እደር ልጄ፣ እኔም ገርጂ ቤቴ ልግባ” ያሉኝ ትዝ ይለኛል።

ስልኬን ከፈትኩና ኢርፎኔ የት እንዳለ ካርታው ላይ ፈለግኩ። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ አለች፤ ገርጂ።

አለቀ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም። ለታክሲ ድርጅቱ “ሾፌሩ ዕቃዬን ወስደዋል” ብዬ አመለከትኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሾፌሩ የደወልኩት። “ጋሼ፣ ቦርሳ አላዩም?” አልኳቸው። “አላየሁም ልጄ፣ ግን መጥቼ ራስህ ፈልግ” አሉኝ። ከገርጂ አያት ድረስ መጡ። ወንበሩን አንስተው፣ ምንጣፉን ገልብጠው አሳዩኝ። ምንም የለም። እኔ ግን ልቤ ያለው ነጥቧ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ አካውንታቸው ታገደ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሌባ ሻይ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን ስሰማ የሚጠጣ ሻይ ይመስለኝ ነበር። ለካ “ሻይ” የመጣው ከመሻት ነው፤ ሌባ የሚሻ፣ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ድሮ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻዩን ይጠራል። ሌባ ሻዩ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፣ ጭስም ያስበዋል። ልጁ ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮ፣ ጫፉን ሌባ ሻዩ ይዞ፣ ልጁ በየመንደሩ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ክፈል ይባላል። “እንዴት አወቅክ?” ተብሎ ልጁ አይጠየቅም። ሲነቃም የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ሌላም መንገድ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይሉታል። ስርቆት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ እየማሉ ይጠያየቃሉ። ስሙን ደብቆ የሚጠቁም ሰው “ወፍ” ይባላል። ሌባው ካልተገኘ አገሩ በጋራ ዕዳውን ይከፍላል። ይሄም ቢሆን ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር ያስከፍላል፤ ቢያንስ ግን ሰው ተናግሮ፣ ሰው ሰምቶ ነው።

ከሳሽና ተከሳሽ ደግሞ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ ማለት ያ ነው። ዛሬ “በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ” የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። እሁድን ሙሉ እኔ ያችን ነጥብ ስጠብቅ የነበረው በዓይነ ቁራኛ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? በድሮው ቁራኛ ከሳሹም አብሮ ይታሰራል። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ የታሰሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሌባ ሻይ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በመንግሥት ተከለከለ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ያ ሁሉ ዓመት የፈጀው ጠቋሚውን “በምን አወቅክ?” ብሎ መጠየቅን ለመልመድ ነው። እኔ ያን ሁሉ በአንድ ጠቅታ አለፍኩት።

ማክሰኞ ማታ ጓደኛዬ ደወለ። ጃኬቱን ሊያሳጥብ ኪሱን ሲፈትሽ ቦርሳዬ፣ ኢርፎኔና የአያቴ ሰዓት እዚያው አሉ። “እስክስታ ልወርድ ነው፣ ያዝልኝ ብለህ የሰጠኸኝ አንተው አይደለህ እንዴ?” አለኝ።

ጓደኛዬ የሚኖረው ገርጂ ነው።

ነጥቧ አልዋሸችም። ገርጂ አለች እንጂ ሾፌሩ ናቸው አላለችም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ገርጂ እንደሚኖር ጠፍቶኝ አልነበረም፤ እሁድ ጠዋት ደውዬ “እኔ ጋ የለም” ሲለኝ ወዲያው አመንኩት። ሾፌሩም ያሉኝ ያንኑ ነበር፤ ወንበራቸውን ገልብጠውም አሳይተውኛል።

ማመልከቻዬን ያኔውኑ አነሳሁ። አካውንታቸው የተከፈተው ግን ሐሙስ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ከሥራ ውጭ ሆነዋል። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። “እንኳን ተገኘልህ” አሉኝ መጀመሪያ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ “እኔን ግን ለምን እንደዘጉኝ የነገረኝ ሰው የለም። አንተ ነህ እንዴ?” አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። የአራት ቀን ገቢያቸውን ላኩላቸው፤ ተቀበሉኝ። በሌሊት ስጠራ ግን እሳቸው ከዚያ ወዲህ ደርሰውኝ አያውቁም።

የኔ ሥራ አጠራጣሪ ክፍያ ለይቶ የሚያግድ ኮድ መጻፍ ነው። አንድ ደንበኛ በውድቅት ሌሊት፣ ከለመደው ሰፈር ውጭ፣ ከለመደው በላይ ከከፈለ ሂሳቡ ይዘጋል። ደንበኛው የሚያየው “ሂሳብዎ ታግዷል” የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርብ ዕለት ሁለት ነገር ጨመርኩበት፤ ለምን እንደታገደና መልስ መስጠት የሚፈልግ ለማን እንደሚደውል። አለቃዬ “ለሌቦች መንገድ ማሳየት አይሆንም?” ብሎኛል። ገና አላጸደቀውም። እኔም ገና አልተውኩትም።