ውሻ ወይስ ድመት?

«ውሻ ይሻላል ድመት?» የሚለው ክርክር በመካከላችን በተነሣ ቁጥር የምንመዝነው ጥቅምን ብቻ ነው፤ አንዱ ቤት ይጠብቃል፣ ሌላዋ አይጥ ትይዛለች። ታሪክም ላይ ላዩን ሲያዩት ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። ውሻ የአደን ዘመን ጓደኛ ነው፤ ድመት ግን የቀረበችን ሰው አርሶ እህል ማከማቸት ከጀመረ፣ አይጥም ጎተራውን ካገኘ በኋላ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል»፣ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚሉት ተረቶቻችንም የሁለቱን ጠባይ ለይተው አስቀምጠዋል።

መቃብር ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን አገር፣ ቦን አጠገብ ኦበርካስል በተባለው ቦታ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ የቡችላ አፅም ተገኘ፤ 14,000 ዓመት ያህል ይሆነዋል። ጥርሱን የመረመሩት ሊቃውንት እንደሚሉት ቡችላው ለሳምንታት በጠና ታሞ ነበር፤ ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ባልቆየ። እስቲ፣ የታመመ ቡችላ ምን አድኖ ያመጣል? በቆጵሮስ ደሴትም ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ድመት ከሰው ጎን ተቀብራለች፤ በደሴቱ የዱር ድመት በተፈጥሮ ስላልነበረ፣ ዘሯን በጀልባ ያሻገሩት ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ «የትኛው ይጠቅመናል?» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። «ሲታመም የምናስታምመው የትኛውን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣን፣ ሁለቱንም ባናመጣ ይሻላል።