የ43 ቀኗ አገር ፊርማ

ስሙኝማ! የጎረቤታችንን የጅቡቲን ነገር ላውጋችሁ።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. የፈረንሳይ ባንዲራ ወረደ። ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ከወደብና ከሐሩር ጋር አንዲት ትንሽ አገር ተረከቡ። ታዲያ ይቺ አገር በተወለደች በ43 ቀኗ፣ ነሐሴ 3፣ በጄኔቫው የስደተኞች ስምምነት እገዛለሁ ብላ ቃል ገባች። የተባበሩት መንግሥታት አባል እንኳ የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ መስከረም 10 ነው!

ምን አጣደፋት? አንደኛ፣ ፊርማው የፈረንሳይ ውርስ ነበር። ዋናው ግን ደጇ ላይ ቆሟል፤ ከኦጋዴን ጦርነት የሸሸው ከብት አርቢ፣ ከቀይ ሽብር ያመለጠው የእኛ ተማሪ፣ በአሊ ሳቢህና በዲኪል በኩል ይጎርፋል። ብቻዋን የምታበላው የላትም። ስትፈርም ግን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከነዱቄቱ፣ ከነድንኳኑ ይመጣል። እኔ በዚህ አላማትም፤ የቸገረው ሰው ቃል የሚገባው እንዲህ ነው።

ያ ስምምነት አንቀጽ 33 ላይ ስደተኛን ወደሚያሰጋው አገር አትመልስ ይላል። በ1976 ዓ.ም. ደርግ፣ ጅቡቲና ኮሚሽኑ ተስማምተው ስደተኞቹን ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ጀመሩ። «በፈቃዳቸው» ተባለ። ስንቶቹ ግን ፈቃዳችን አይደለም ብለው ጮኹ! ደርግም ቢሆን ፊርማ አይፈራም ነበር፤ ልጆችን አፍሶ ጦር ሜዳ ሲያጓጉዝ ኖሮ፣ የሕፃናት መብት ስምምነትን የተቀበለው ግንቦት 6 ቀን 1983 ነው። የደርጉ መሪ መንግሥቱ አገር ጥለው የወጡት በሳምንቱ።

ወደ ጅቡቲ ልመለስ። ጥቅምት 26 ቀን 1995 ዓ.ም. በአንድ ቀን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን፣ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ መብቶችን፣ ማሰቃየትን የሚከለክለውን፣ የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ ሳይቀር አጸደቀች። ለጋሹም፣ ጦር ሊያሰፍር የመጣውም ፈረንጅ የሚያየው መዝገብ አማረ። ብዙም ሳይቆይ ግን አሜሪካኖችን ለዚያ ፍርድ ቤት አሳልፌ አልሰጥም ብላ ከዋሽንግተን ጋር ተዋዋለች።

ከዚያ ሚያዝያ 30 ቀን 2003 መጣ፤ የፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኡመር ጌሌ በዓለ ሲመት። ከእንግዶቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፍርድ ቤቱ የሚፈልጋቸው የሱዳኑ መሪ አል በሽር! ቢያዙ ፍርድ ቤቱ ይደሰታል፤ የአፍሪካ ኅብረት ግን አትተባበሩ ብሎ ወስኗል፣ ሱዳንም የኢጋድ ወንድም ነበር። አልተያዙም። በ2008 ዓ.ም. ዳግም መጡ፣ ዳግም በሰላም ሄዱ። ዳኞቹም ጅቡቲ ግዴታዋን አልተወጣችም ብለው ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት ላኩት። ምክር ቤቱም ምንም አላደረገም።