ለቆራሌው ከመስጠታችን በፊት

እሑድ ጠዋት ገና ከአልጋ ሳንወርድ በየሰፈሩ የሚሰማ ድምፅ አለ፡፡ አንዱ «ቆራሌው!» እያለ ያልፋል፡፡ ጥቂት ቆይቶ ሌላው «ልዋጭ!» ይላል፡፡ የመጀመሪያው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የቀረ ነው ይባላል፡፡ ሁለተኛው ማብራሪያ አያሻውም፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ መቀበል ነው፡፡ በር ላይ ትንሽ ክርክር ይደረጋል፡፡ የተሰበረው ራዲዮ፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ ባዶው ጠርሙስ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፤ እኛም ቤቱ ጸዳ ብለን ወደ ቁርሳችን እንመለሳለን፡፡

የዛሬው ጽሑፍ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ በየቀኑ አንዲት ነገር ማስቀረትን የሚመለከት ነው፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ሰው ለየዕለቱ አንድ መነሻ ቃል ይይዛል፤ «በር»፣ «ጥላ» ወይም «የጠፋ ቁልፍ» ሊሆን ይችላል፡፡ ከዚያም በቤቱ ካለው ውዳቂ፣ ማለትም ከካርቶን፣ ከቆርኪ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከሽቦና ከቁልፍ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ሥራ ይሠራል፡፡ ከጀርባዋ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ያስቀምጣታል፡፡ በማግስቱ ሌላ ቃል፣ ሌላ ሥራ ይከተላል፡፡

ይህ በሌላው ዓለም ብዙ ተከታይ ያለው ልማድ ነው፡፡ እዚህ ሲነሳ ግን «የጠገበ ፈረንጅ ጨዋታ» የሚል መልስ ይሰማል፡፡ ሁሩታን የሚያውቅ ሰው በዚህ መልስ ለመስማማት ይቸገራል፡፡

ማዳበሪያ የሚለው ቃል

ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፡፡ ከአዳማ ወደ አሰላ ከሚወስደው ዋና መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብላ ትገኛለች፤ ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት በዚህ አካባቢ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ዘመናዊ ማዳበሪያ ማድረስ ጀመረ፡፡ ከማዳበሪያው ጋር ከረጢቱም ወደየቤቱ ገባ፡፡ ዛሬ በከተማ «ማዳበሪያ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከረጢቱን ማለታችን ነው፡፡ ይዘቱ መሬት ውስጥ ገብቶ ስሙ ለመያዣው ቀረ፡፡

ያ ከረጢት ሥራ አይፈታም፡፡ እህል ይይዛል፤ ሲያረጅ ይተረተርና ክር ይወጣዋል፤ ክሩ ገመድ ይሆናል፡፡ ስፌት የሚሰፉ ሴቶችም ስንደዶና አክርማ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ በእርሱ ይተካሉ፡፡ ወስፌው ያው ነው፤ የተለወጠው ሣሩ ነው፡፡ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይጫማሉ፡፡ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፡፡ ልጆች ሽቦ ለቅመው መሪ ያላት፣ የምትታጠፍ መኪና ይሠራሉ፤ ቆርኪው ጎማ ይሆናል፡፡ ካልሲ በጨርቅ ተጠቅጥቆ ኳስ ይሆናል፡፡ ይህ የሁሩታ ብቻ አይደለም፤ በሞጆም፣ በመቂም፣ በዝዋይም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፡፡

ከሁሉም ለርዕሳችን የሚቀርበው የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው፡፡ በጳጉሜን ወንዶች ልጆች ከደብተራቸው ወረቀት ገንጥለው አደይ አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ ይስላሉ፡፡ በበዓሉ ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ ያድላሉ፤ ሳንቲምም ይቀበላሉ፡፡ ልብ ብለን ካየነው ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ ርዕሱ ከላይ የተሰጠ ነው፣ ሥራው ማለቅ ያለበት ቀንም የታወቀ ነው፡፡ ፈረንጅ «የዕለት ሥራ» ብሎ ደንብ ያወጣለትን ነገር የእኛ ልጆች ስም ሳያወጡለት ሲሠሩት ኖረዋል፡፡

እኔም ሁሩታ ላይ ስዬ ካደሉት አንዱ ነኝ፤ የሽቦ መኪናም ሠርቻለሁ፡፡ አንዱም ዛሬ በእጄ የለም፡፡ አብሮ አደጎቼን ብጠይቅ የእነርሱም የለም፡፡ ማን እንደሠራው አልተጻፈበትም፣ መቼ እንደተሠራ አልተጻፈበትም፣ ይቀመጥ ያለም አልነበረም፡፡ የሠራነውን ሥራ ብለን ስላልጠራነው ዝናብና ቆራሌው ወሰዱት፡፡ በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ እጁም ዕቃውም ነበረን፣ የጎደለን ስምና ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ነው፡፡

ደንብ ያወጡለት ሰዎች

ውዳቂን ለሥዕል ማዋል በዘመናዊው ሥነ ጥበብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በሃኖቨር ከተማ የትራም ቲኬት፣ ቁልፍ፣ የወረቀት ቁራጭና የእንጨት ስባሪ እየለጠፈ ሥዕል ይሠራ ነበር፡፡ ለሥራዎቹ ሁሉ የሰጠው «ሜርዝ» የሚለው ስም ራሱ ከታተመ የባንክ ማስታወቂያ ላይ ሲቆረጥ የተረፈ የቃል ስባሪ ነው፡፡

የቀኑን ጉዳይ ጥብቅ ሕግ ያደረገው ደግሞ ጃፓናዊው ኦን ካዋራ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከጥር 4 ቀን 1966 ጀምሮ፣ ኒው ዮርክ ተቀምጦ፣ በአንድ ቀለም በተቀባ ሸራ ላይ የዕለቱን ቀን ብቻ በነጭ ይጽፍ ነበር፡፡ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያላለቀውን ያጠፋዋል፡፡ ላለቀው የካርቶን ሣጥን ይሠራለታል፤ ብዙ ጊዜም የዚያን ዕለት ጋዜጣ ቁራጭ አብሮ ያኖርበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ ወደ 3,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ሠርቷል፡፡

መጠኑን ያሳነሰው የስዊሱ ቫንቺ ሽቲርነማን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 በዙሪክ ከተማ የመጫወቻ ካርታ የሚያክሉ፣ ማለትም 64 በ89 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥቃቅን ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ፡፡ የፈለገ ሰው የራሱን ሠርቶ በመምጣት ይለዋወጥ ነበር፤ በገንዘብ መሸጥ የለም፡፡ በእኛ ቋንቋ ልዋጭ መሆኑ ነው፡፡ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄክ ፓርከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቅምት ወር 31 ቀናት በየዕለቱ አንድ የቀለም ሥዕል መሥራት ጀመረ፤ ኋላም ለየቀኑ መነሻ ቃል ይወጣ ጀመር፡፡ ዛሬ ይህን በየአገሩ ብዙ ሰው ይከተለዋል፡፡

ከምናለሽ ተራ እስከ ቬኒስ

ወደ አገራችን ስንመለስ የውዳቂን ነገር ከማንም ርቆ ያስኬደው ኤልያስ ስሜ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ፡፡ ቀደም ባሉት ሥራዎቹ ክርና ቁልፍ በመስፋት ይታወቃል፡፡ በኋላ ከመርካቶ፣ በተለይም ከምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ስልክ የወጡ ሽቦዎችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችንና የተፈታቱ ሰርኪዩቶችን እየገዛ እንደ ጥልፍና እንደ ሽመና የሚታዩ ሰፋፊ ሥራዎችን መሥራት ጀመረ፡፡ አንዳንዶቹን ለመጨረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፡፡ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ቀርበዋል፡፡ ከመስከረም አሰግድ ጋር በጭቃና በጭድ ጥንታዊ የአሠራር ዘዴ ያነጹት ዞማ ሙዚየም መካኒሳ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል፡፡

በርግጥ የእርሱ ሥራ ትንሽም የዕለትም አይደለም፡፡ የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር አለ፡፡ ከቅርብ ሲታይ እያንዳንዱ ሰሌዳ በእጅ የተጠመዘዘች፣ በእጅ የተቸነከረች ጥቃቅን ሽቦ ናት፡፡ የእነዚያ ሺህ ጥቃቅን ሥራዎች ድምር ነው ቬኒስ የደረሰው፡፡

እንዴት ይጀመራል?

በመጀመሪያ ጊዜውን ያሳጥሩ፡፡ ለጀማሪ ጳጉሜን ትበቃለች፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፡፡ ጳጉሜን ሩቅ ከሆነች ማንኛውም ሳምንት ይሆናል፡፡ ዓመቱን ሙሉ እሠራለሁ ብሎ የጀመረ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፡፡

ሁለተኛ፣ መነሻ ቃላቱን አስቀድመው ይጻፉ፡፡ ከራስዎ ኑሮ ይውሰዷቸው፡፡ ለምሳሌ ሰኞ «ወረፋ»፣ ማክሰኞ «የጎረቤት ድምፅ»፣ ረቡዕ «ጾም»፣ ሐሙስ «የጠፋ ቁልፍ»፣ ዓርብ «ደመወዝ»፣ ቅዳሜ «ገበያ»፣ እሑድ «ዝምታ»፡፡ በወረቀት ጽፎ እንደ ዕቁብ ዕጣ ማውጣትም ይቻላል፡፡ ቃሉ ከወጣ በኋላ መለወጥ ግን አይፈቀድም፤ የደንቡ ጥቅም ሰበብ ማሳጣቱ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ አንድ የጫማ ካርቶን ያዘጋጁና የሳምንቱን ውዳቂ ያጠራቅሙ፡፡ የክብሪት ቀፎ፣ የሻይ ከረጢት ክር፣ ቆርኪ፣ የሲጋራ ብርማ ወረቀት፣ ተፍቆ ያለቀ የሞባይል ካርድ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፡፡ ለመለጠፊያ ኮላ ከሌለ ዱቄት በውኃ አፍልቶ መጠቀም ይቻላል፡፡ የባትሪ ድንጋይ፣ የፍሎረሰንት አምፖልና የኮምፒዩተር ሰርኪዩት ግን ከልጆች ጋር አይነካኩ፤ ውስጣቸው መርዛማ ብረት አለ፡፡ የጣሳ ጠርዝም እጅ ይቆርጣል፡፡

አራተኛ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይወስኑ፡፡ ካርታ የሚያክል ካርቶንና ሃያ ደቂቃ ይበቃል፡፡ «ወረፋ» የሚለውን እንውሰድ፡፡ አሥራ ሁለት የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች በአንድ መስመር ይለጠፋሉ፤ የመጨረሻዋ ያልተቃጠለች ትሆናለች፡፡ ሥዕል መሳል አልችልም የሚል ሰው ይህን ማድረግ አያቅተውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የቆመ ሁሉም ሲያየው ይገባዋል፡፡

አምስተኛ፣ ከጀርባው ስምዎን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና መነሻ ቃሉን ይጻፉ፡፡ ካልወደዱትም አይጣሉት፡፡ የዚህ ልማድ ፍርድ በወሩ መጨረሻ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማየት ነው፤ የአንዱ ቀን ሥራ ብቻውን ብዙ አይናገርም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

«ይህቺ ቁራጭ ካርቶን ደግሞ ሥራ ልትባል ነው?» ለሚል ሰው መልሱ በሕግ ተሰጥቷል፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 6 ጥበቃ የሚሰጠው የሥራውን የጥራት ደረጃም ሆነ የተሠራበትን ዓላማ ሳይለይ ነው፡፡ ሥራው ወጥ ሆኖ፣ ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ከተቀረጸ፣ ያለ ምንም ምዝገባ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የሠሪው ነው፡፡ የኢኮኖሚ መብቱም በመርሕ ደረጃ ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፡፡ ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም፣ ክርክር ቢነሳ «መቼ ሠራኸው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፡፡ ከጀርባ የተጻፈው ቀን ብቻውን ማስረጃውን አይጨርስም፤ ከምንም ግን ይሻላል፡፡

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ፡፡ አዋጁ ሀሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ «በር» የሚለው መነሻ ቃል የማንም ሊሆን አይችልም፡፡ እንዲሁም ጋዜጣ የገዛ ሰው ወረቀቱን እንጂ በላዩ የታተመውን ፎቶግራፍ መብት አልገዛም፡፡ ለቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለሽያጭ ወይም ለኅትመት ከሆነ ግን የሌላውን ፎቶግራፍ በሙሉ ከመለጠፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፡፡

ሊታለፍ የማይገባው ተቃውሞ

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፡፡ ሌላው በችግር የሚለቅመውን ውዳቂ እኛ ለመዝናኛ ስናደርገው አያሳፍርም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ቦታ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከሞቱት መካከል ከዚያው ክምር እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ፡፡ የሁሩታዋም ሴት ማዳበሪያ ተርትራ የምትሰፋው ሣሩ ስለጠፋ ወይም ስለተወደደ ነው፤ ውዳቂን ማሞገስ አላማራትም፡፡

እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፡፡ ችግርን ማስዋብ ነውር ነው፤ በችግር ውስጥ የታየውን ጥበብ እንደሌለ መቁጠር ግን የባሰ ነውር ነው፡፡ ስለዚህ ከቆራሌው ዕቃ የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ይክፈል፤ ኤልያስ ስሜም ከምናለሽ ተራ ነጋዴዎች በገንዘቡ ይገዛል፡፡ ከሠፊዋ የተማረም ስሟን ጠይቆ ይጻፍ፡፡ ልጁ የሽቦ መኪና ሠርቶ ቢያመጣ «ይህን ጥለህ ጥናትህን አጥና» ከማለቱ በፊት ወላጅ ከሥሯ ስምና ቀን ያስጽፈው፣ አንድ መደርደሪያም ይስጣት፡፡ ጥናቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፡፡

በሚቀጥለው እሑድ ቆራሌው ሲጣራ ማዳበሪያውን ከማስረከባችን በፊት እጃችንን አስገብተን አንዲት ነገር እናስቀር፡፡ ለቆራሌው የቀረበትን ሒሳብ መክፈል እንዳንረሳ፡፡