ወፍጮ ፈጪው ልጅ

ስሙማ ልጆች! እናት አባቶችም ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬዬ ከወሎ፣ ከቦረና ምድር ስለበቀለ አንድ ልጅ ነው።

ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ስታቀኑ፣ ደጋ ወጥታችሁ ቆላ ወርዳችሁ፣ መካነ ሰላም ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በደንቆሮ ጫካ ጭላዳው ገደል አፋፍ ላይ ሣር ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮው ለአይጥ ያደባል። በዚህ አገር፣ ሸግላ በሚባል ቦታ፣ ከ650 ዓመት ገደማ በፊት ጊዮርጊስ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ከንጉሡ ጋር በሚጓዘው የድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ።

ልጁ ከፍ ሲል ስሙ በገነነው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት ገባ። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ! ጓደኞቹ እያለፉት ሄዱ፤ እሱ እዚያው። ገድሉ ሰባት ዓመት ይላል። መምህሩ ተስፋ ቆርጠው ወደ አባቱ ቢሰዱት፣ አባት ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልቀበልም ብለው ወደ ገዳሙ መለሱት።

ገዳሙም አልጣለውም፤ ሥራ ሰጠው። ጊዮርጊስ ወፍጮ ያዘ። ጎንበስ ብሎ መጁን ይገፋል፣ ይስባል፣ ይገፋል፤ እህሉ ደቅቆ ይወርዳል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሷል። መጻፍ ያቃተው እጅ ማኅበሩን ያበላ ነበር። ሌሊት ሲሆን ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ማስተዋል ስጪኝ እያለ ያለቅሳል። አንድ ሌሊት እመቤታችን ተገልጣ ጽዋ አጠጣችው፤ ልቡናው በራ ይላል ገድሉ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ብራናው ተዳመጠ፣ ቀለሙ ተበጠበጠ፣ መቃው ተቀረጸ። መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። መጽሐፈ ሰዓታትንም ደረሰ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ ይቆማል። ያ ፊደል አልገባ ያለው ልጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ገዳሙ ጋስጫ እዚያው ቦረና ምድር ነው፤ በዓሉም ሐምሌ 7 ይከበራል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ይህ ታሪክ በሥዕል ተሠርቶ በልጅ እጅ መግባት አለበት። ማንበብ ለማይችል በሥዕል ማስተማር ለእኛ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለስንት ትውልድ የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል! ጻድቁ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ይለያል።

ሠዓሊ ሆይ፣ ወፍጮውን ሣልልን፤ ጭላዳውንም አትርሳ። ታሪኩን የምትተርከው የቦረና አያት ቡና ታፍላ፤ ሙስሊሟ ጎረቤቷም ከረከቦቱ አጠገብ ትቀመጥ። የወሎ ኑሮ እንዲህ ነዋ! ጁምዓ የሚሰግደውና ቅዳሴ የሚያስቀድሰው በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ እድር፣ ይታቀፋሉ፤ ሐዘን ሲመጣ አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያጽናናሉ። ይህን ያየ ልጅ የራሱን እምነት ሲወድ የጎረቤቱን ማክበርም ይማራል።

መንገዱ አይመችም፣ መጽሐፍ አይደርስም የሚል ካለ፣ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ያስታውስ። ለኢትዮጵያ ልጆች መጽሐፍ ለማድረስ የተነሱት እኒህ ሰው ሐዋሳ ላይ ቤተ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጎትተዋል። አህያ እንደሆነ ቦረናም ሞልቷል።

የኔታዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች! ሀ ሁ ላይ የቀረ ልጅ አለላችሁ? ደደብ አትበሉት። የመምህሩን ተግሣጽ ከመስማቱ በፊት የጊዮርጊስን ታሪክ ይስማ፤ አቅሙ የሚችለውን ሥራ ስጡት፤ ከማዕዳችሁም ከጉባኤያችሁም አታርቁት። ሐይቅ ያንን ልጅ ከነወፍጮው አስጠግቶ ባያቆየው ኖሮ፣ ዛሬ ሌሊቱን የምንቆምበት ሰዓታት ባልኖረን ነበር።